ነቀዝና ሻጋታ፦ በቤት ስለተከማቸ እህል

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት የገበያ ምልልስን ለመቀነስ በርካታ ቤተሰቦች የወራት እህል በአንድ ጊዜ ሸምተው ያስቀምጡ ነበር። እህሉ በሚገባ የደረቀ፣ ጆንያውም ከወለልና ከግድግዳ የራቀ ሊሆን ይገባል።

ነቀዝ የነካው እህል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶና ተበጥሮ ሊተርፍ ይችላል። ሻጋታ ግን ሌላ ነው። በተለይ በሻገተ በቆሎና ለውዝ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሲሆን፣ በመቁላትም ሆነ በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። መርዙ በዓይን ስለማይታይ፣ የሻገተውን ለቅሞ የቀረውን ማስፈጨት፣ በኑሮ ውድነት ምክንያት ቢሆንም እንኳ፣ አያዋጣም። ለላም መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ መርዙ ወደ ወተቷ ይተላለፋል።

እምክ እምክ የሚል ሽታ አንዱ ምልክት ነው። ኮቪድ-19 የማሽተት ችሎታን ሊያጠፋ ስለሚችል ግን፣ በበሽታው የተያዘ ሰው አሽትቶ «ደህና ነው» ቢል አያስተማምንም።