በሬው ዋስ ሲሆን

እሷ፦ ክረምት መጣ፤ ገበሬው ማዳበሪያ በምን ይግዛ? ባንክ ሲሄድ «ማስያዣ አምጣ» ይሉታል።

እሱ፦ መሬቱስ?

እሷ፦ በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ታዲያ ባንኩ ከመሬቱ የመጠቀም መብት ሌላ ምኑን ይያዝ?

እሱ፦ አዋጅ 1147/2011 አለ እኮ! ከብቱም ሰብሉም ማስያዣ መሆን ይችላል።

እሷ፦ ልክ ነህ። ግን በሬው ቢሞትስ? ዕዳው አብሮት አይቀበርም።

እሱ፦ እሱስ እውነት ነው። ቢሆንም መንግሥት ማዳበሪያውን ይደጉማል።

እሷ፦ ይደጉም፣ አልጠላሁም! ዝናብ ከቀረ ግን በድጎማ የተገዛውም ያው ዕዳ ነው።

እሱ፦ እና ድጎማው ቀርቶ መድን ይግባ ነው የምትይው?

እሷ፦ ኧረ አይቅር! ብድሩ ሲፈቀድ የሰብልና የከብት መድኑም አብሮ ይፈረም።

እሱ፦ አረቦኑን ማን ሊከፍል?

እሷ፦ ከድጎማው ላይ ጥቂት ይቀነስለት።

እሱ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ማዳበሪያው ይወደድበታላ! አድማጮች፣ እናንተስ?