ያላያትን ከተማ የነደፈው ሰው
በማኅበራችን ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



እኔ ባለ ሱቅ ነኝ፤ ስለ ሕንፃ የማውቀው አርክቴክቸር የምትማረው ልጄ ያስነበበችኝን ነው። የዛሬው ወሬዬ ስለ ለ ኮርቡዚዬ ነው። ሰውየው በ1887 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ስዊዘርላንድ ተወለደ፤ አዲስ አበባ በተቆረቆረች በዓመቱ ማለት ነው። ኑሮው ግን ፓሪስ ነበር። ጠዋት ሥዕል ይሥላል፤ ከሰዓት ቢሮው ገብቶ ሕንፃ ይነድፋል። መጻሕፍትም ጽፏል፤ በ1923 ያሳተመውን ተማሪዎች ዛሬም ያነቡታል። በ2016 ደግሞ 17 ሥራዎቹ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ችሎታውን አልክድም።

ነገር ግን በ1936 ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ይህ ሰው የከተማዋን አዲስ ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ መንግሥት አቀረበ። አገራችንን ረግጦ አያውቅም። በወረቀቱ ላይ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ ጎዳና መሬቱን ሰንጥቆ ያልፋል። የነበሩት ሰፈሮች ግን የሉም፤ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ሜዳ ነው የሚመስለው። ጣሊያኖቹም አልተቀበሉትም፤ ሥራውን ለራሳቸው አርክቴክቶች ሰጡ።

የሚገርመኝ፣ ለራሱ በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳር ያሠራት የእንጨት ጎጆ በየጎኗ 3.66 ሜትር ብቻ ናት። የእኔ ሱቅ ይሰፋል! በ1965 እዚያው አካባቢ ሲዋኝ ሞተ።

ልጄ ንድፉን ስታሳየኝ መነጽሬን አድርጌ ጉለሌ የነበረውን የአያቴን ቤት ፈለግሁ። ሳጣው ጊዜ፣ «በግምት እዚህ ጋ ነው አባዬ» ብላ በእርሳስ ነጥብ አደረገችበት።