ቴዎድሮስን ከወደድን የጻፉለትንም የጻፉበትንም እናንብብ
(ጠዳ ላይ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ በማግስቱ ይረሳል። እንዲህ የተማረ ልጅ ነው ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶና ሁለት መስመር አይቶ ሲሰዳደብ የሚያመሸው። ማስረጃ መመርመር ማን አስተማረውና!

መፍትሔው የዘመኑን ሰው ጽሑፍ ራሱን ክፍል ውስጥ ማምጣት ነው።

የኛኑ መይሳው ካሳን እንውሰድ። በዘመኑ የነበሩ ሁለት ሰዎች ታሪኩን በአማርኛ ጽፈዋል፤ ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም። ዘነብ ያደንቀዋል፣ ወልደ ማርያም ይከሰዋል። ከሁለቱም አንዳንድ ገጽ ለተማሪ ስጡና ጠይቁ፦ ማን ጻፈው? መቼ? ለማን ብሎ? በዓይኑ ያየው የቱ ነው፣ የሰማውስ? ምኑን ዘለለው? ያን ቀን ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ አይኖርም።

ነገሩ ያማል፣ አውቃለሁ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያስዘረፈው፣ አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠለው ቴዎድሮስ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብሎ የወደቀውም እሱው ነው። «ይሄን ማንሳት ለጠላት ማቀበል ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። እኔ ግን እላለሁ፦ እኛ በማስረጃ ካላነሳነው ሌላው አጣሞ ያነሳዋል፤ ያኔ መልስ የለንም። ሲነኩት የሚፈርስ ፍቅር ደግሞ ፍቅር አይደለም።

ሰነድ መመርመር እኮ አገር ያድናል። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላል» የሚል ሆኖ ሳለ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ያንን ልዩነት አይተው «አይሆንም» ያሉ ሰዎች ናቸው ወደ ዐድዋ የሄዱት።

እንግሊዞች የመቅደላን ምርኮ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ሄዱ። ከጎንደር አድባራት የተጋዙ ብራናዎችም አብረው ሄደዋል፤ ወደ 350 የሚሆኑ የመቅደላ መጻሕፍት ዛሬም ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ይመለሱልን እንላለን፣ ልክ ነን። ግን ሲመለሱ ማን ሊያነባቸው ነው? ግዕዙን ማን ያውቃል?

ስለዚህ ዲግሪ ይዘን ሥራ የምንጠብቅ ልጆች፣ ጊዜው አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ በየሰፈራችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰብስበን አንድ ሰነድ እናንብብ፣ እንከራከር። መምህራንን እናግዝ፣ የአብነት ተማሪዎችንም ለግዕዙ እንጋብዝ። የአያቶቻችሁን የድሮ ደብዳቤና የርስት ወረቀት ከሳጥን አውጡ፤ እሱም ታሪክ ነው።

የማያነብ ትውልድ በሌላ ሰው ታሪክ ይዳኛል። እኛ እናንብብ!