ጠይቀውን የሄዱት መልሱን ለማን ሰጡት?

(በሰንበቴ ለአባላትና ለአጋሮች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና እህቶች፣ ከሩቅ የመጣችሁ አጋሮቻችን፤

መጠይቅ የያዘ ሰው ያልመጣብን ቤት የለም ማለት ይቻላል። ስንት ፍየል አለሽ፣ በቀን ስንቴ ትበያለሽ፣ ውኃ ከየት ትቀጃለሽ ይሉናል። ቡና አፍልተን እንመልሳለን። ያ ወረቀት የት እንደደረሰ ግን ተመልሶ የነገረን የለም።

ጥናት ከንቱ ነው እያልን አይደለም። ሴፍቲኔትን እንይ። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ነፍሰ ጡር ሴት ከሕዝብ ሥራ ወጥታ ቀጥታ ድጋፍ የምታገኘው 6ኛ ወሯ ላይ ነበር። እስከዚያ ድንጋይ ትሸከማለች፣ እርከን ትሠራለች። አጥኚዎች የሴቶችን የሥራ ጫና ደጋግመው ጻፉ። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ 4ኛው ምዕራፍ ሲጀመር ደንቡ ተሻሻለ፦ እርግዝናዋ እንደተረጋገጠ ከሥራ እንድትወጣ፣ ልጇ 1 ዓመት እስኪሞላውም ድጋፉ እንዲቀጥል ተደረገ።

የክፍያ መዘግየትስ? እሱም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ በጥናት የተጻፈ ነው። በየ2 ዓመቱ ቤት ለቤት ሲጠየቅ የኖረ ጉዳይ ነው። ግን ደንብ ማሻሻል መመሪያው ላይ አንድ መስመር መጻፍ ነው፤ ብርን በወሩ ማድረስ የስም ዝርዝሩ በሰዓቱ ተሠርቶ፣ ተፈርሞ፣ ገንዘቡ ተልኮ፣ ከፋዩ ቀበሌ ድረስ እስኪመጣ ስንት እጅ ይፈልጋል። የሚቀለው ተወሰደ፤ የሚከብደው ጥናት ላይ እንዳለ ቀረ።

የተጻፈው መስመርም ብቻውን አይሄድም። ከአባሎቻችን አንዷ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ሆና እርከን ስትሠራ አገኘናት። ደንቡን እሷም አታውቀው፣ ሥራውን የሚመራውም አያውቀው። ጤና ኤክስቴንሽኗ ዘንድ ወስደን ወረቀት አስያዝናት፤ በሳምንቱ ከሥራው ወጣች። ስንቷ ሳናያት ወልዳ ይሆን?

አጋሮቻችን፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በመስከረም የሚደርስ ጥናት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ በጀቱ ከተደለደለ በኋላ የመጣ ነው። ስታስጠኑ ውጤቱ ከግንቦት አይለፍ። በኦሮምኛና በአማርኛ ይነበብልን፤ ማንበብ የማንችል ብዙ ነን። ወረዳ ሲቀርብም ከእኛ የተመረጡ ሴቶች እዚያው ይቀመጡ፤ «እዚህ ላይ ተሳስታችኋል» የምንለው አይጠፋም።

እህቶች፣ ከእንግዲህ መጠይቅ የያዘ ሲመጣ ቡናው እንዳለ ነው። ግን ከመመለሳችን በፊት እኛም እንጠይቅ፦ ይህን ለማን ትሰጣላችሁ? መቼስ ተመልሳችሁ ትነግሩናላችሁ? እሁድ ብቻ አትበሉን፤ እሁድ ገበያ ነን።