ቤት የዋለ ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ቤት ሥራ ነው። የቤት ሥራ ስንል አስተማሪው ነገ አምጡ ብሎ የሚሰጠውን ማለታችን አይደለም። ሰው ከደጁ ሳይርቅ፣ በጓዳው ወይም በጓሮው ተቀምጦ፣ ለገበያ የሚሠራውን ሥራ ማለታችን ነው።

አንድ ገበሬ ጎንደር አራዳ ወርዶ «ባለቤትህ ምን ትሠራለች?» ብለው ቢጠይቁት «እሷማ ቤት ናት» ብሎ ይመልሳል። ቤት ናት ማለት ምን ማለት ነው? ቅዳሜ ገበያ የወጣው ልቃቂት ከየት መጣ? ሰፌዱን ማን ሰፋው? ጠላውን ማን ጠመቀው? እሱ ራሱ የለበሰው ጋቢ ከሰማይ አልወረደም። አባባሉ ክፋት የለበትም፣ ልማድ ነው። ልማዱ ግን ገንዘብ ያስቀራል። እንዴት እንደሚያስቀር ወደ ኋላ በቁጥር እናሳያችኋለን።

እስቲ በፈትል እንጀምር። የጎንደር እናቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ነገር ግን የሚያውቁትን ነገር በጽሑፍ ማየት ሌላ ነው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፣ ለምሳሌ ከመተማ በኩል። መጀመሪያ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ተነድፎ ሲለሰልስ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ የተፈተለው ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ልቃቂቱ ወደ ሸማኔው ቤት ይሄዳል። ዛሬ ዛሬ ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን አሁንም ከእናቶች እጅ የወጣ ነው። የጋቢን ሙቀትና ልስላሴ የሚሰጠው ይኸው ማግ ነው። ፋብሪካ ብዙ ነገር ተክቷል፤ ይችን እንዝርት ግን ፈጽሞ አላሸነፋትም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እንዝርት የምትሾረው መቼ ነው? ወጡ እሳት ላይ ሆኖ፣ ሕፃኑ ሲተኛ፣ ቡና እስኪፈላ፣ ጎረቤት ለጨዋታ ስትመጣ። ሥራው በሌላ ሥራ መካከል ተሸጉጦ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ለዓይን አይታይም። ገበሬው በሬ ጠምዶ ሲወጣ አገር ያየዋል፤ ሲመለስ «እንደምን ዋልክ፣ ደከመህ?» ይባላል። ፈታይዋን ግን ደከመሽ የሚላት የለም፤ ተቀምጣ ነበራ!

ፈትል ብቻ አይደለም። በመስከረም ስንደዶ ይነቀላል፤ ከአክርማ ጋር ሆኖ በወስፌ ይሰፋል፤ ሞሰብ፣ ሙዳይ፣ ሰፌድ ይሆናል። በደጋው የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና ይሠራል። ብቅል አብቅላ፣ ጌሾ ወቅጣ፣ ጥንስሱን ጠንስሳ ጠላ የምትሸጥ አለች፤ አረቄ የምታወጣ አለች። አረቄ ስታወጣ የምትውጠውን ጭስ፣ የምታነደውን እንጨት ማን ቆጥሮት ያውቃል? ወንዶችም አሉበት። ሸማኔው ጉድጓዱን ቤቱ ውስጥ ቆፍሮ፣ እግሩን ከጉድጓዱ ከቶ መወርወሪያውን ይወረውራል። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ቀጥቃጩ ወናፉን ከቤቱ ጥግ አቁሞ ማረሻ ያወጣል። ያ ማረሻ ባይኖር በሬውስ ምን ይጎትት ነበር?

የጎንደር ከተማ ራሷ ያደገችው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። አጼ ፋሲል ከተማዋን የመሠረቱት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1636 ነው። በልጃቸው በአጼ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668፣ እስላሞቹና ቤተ እስራኤሎቹ ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲቀመጡ ተወሰነ። የእስላሞቹ ሰፈር አዲስ ዓለም በሽማኔዎቹና በነጋዴዎቹ ይታወቅ ነበር። ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ግንበኞች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ርስት የሌለው ሰው በምን ይኑር? እጁን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። ሰፈራቸው ወለቃ ከጎንደር ወጣ እንዳልን የምናገኘው ነው። ሴቶቹ ጭቃውን አቡክተው፣ በእጃቸው ቀርጸው፣ በእሳት ተኩሰው እንስራና ምጣድ ይሠሩ ነበር። ከጊዜ በኋላ ለእንግዳ የሚሸጡ ትንንሽ የሰውና የእንስሳ ምስሎችንም ጨመሩ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ተጓዙ፤ የወለቃ ሸክላ ሥራም በጎረቤቶቻቸው እጅ ቀጠለ።

እዚህ ላይ የሚያሳፍር ነገር አለ፣ ሳንናገረው አናልፍም። በእንስራቸው ውኃ እየቀዳን፣ በምጣዳቸው እየጋገርን፣ በማረሻቸው እያረስን፣ ሰዎቹን ግን ቡዳ ብለን ስንሸሻቸው ኖረናል። ሸማኔውን በሥራው ስንሰድበው ኖረናል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድብ በአዋጅ እስኪከለከል ድረስ ምን ያህል በዝቶ እንደ ነበር ገምቱት! በቤት የሚሠራ ሥራ ዋጋው የረከሰው በገበያው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ሠሪው ስለተናቀም ነው።

ታዲያ ነገሩ የእኛ አገር ብቻ ነው? አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የሚባለው በሽታ ዓለምን ባጥለቀለቀ ጊዜ በየአገሩ መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነበር። ያን ጊዜ ጸሐፊው፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ አስተማሪው ሳይቀር ቤቱ ተቀምጦ በስልክና በኮምፒዩተር መሥራት ጀመረ። ቤት ተቀምጦ መሥራት አዲስ ነገር መጣ ተባለ። እኛ ግን የሳቅነው እዚህ ላይ ነው፤ እናቶቻችን ስንት ዘመን የሠሩት ታዲያ ምን ነበር? ልዩነቱ አንድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ቤቱ ቢቀመጥም ደመወዙ በሰዓትና በወር ተቆጥሮ ይመጣለታል።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ከኮሮና በፊት በዓለም ላይ ቤታቸው ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች 260 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበሩ ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ 147 ሚሊዮኑ ሴቶች ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ደብተር ያለው ደብተሩን ያውጣ። የምንሰጠው ቁጥር ምሳሌ ነው፣ እናንተ በየራሳችሁ ዋጋ ለውጡት።

አንዲት እናት በ300 ብር ጥጥ ገዛች እንበል። በቀን 3 ሰዓት እየፈተለች በ20 ቀን ጨረሰችው። ማጉን አራዳ አውጥታ በ600 ብር ሸጠችው። «300 ብር አተረፍኩ» ብላ ደስ ብሏት ትመለሳለች። እስቲ እንቁጠር። 20 ጊዜ 3፣ 60 ሰዓት ነው። 300 ብር ለ60 ሲካፈል 5 ብር ይሆናል። የአንድ ሰዓት ድካሟ ዋጋ 5 ብር ነው። በሰዓቱ ውስጥ መዳመጡና መንደፉ አልገባም፤ ገበያ የዋለችበትም ቀን አልገባም። እነዚህን ብንጨምር ከ5 ብር ይወርዳል።

ነጋዴው ሌባ ነው አላልንም። እሱም ኪራይ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ዕቃው ሳይሸጥ የሚከርምበት ጊዜ አለ። ግን ሲገዛ እንዲህ ይላል፦ «እትዬ፣ ይኼ ማግ ወፍሯል፣ ከዚህ በላይ አያወጣም።» ማጉ ቀጥኖ ቢመጣስ? ቀጭን ማግ ጊዜ ይፈጃል፤ 60 ሰዓቱ 80 ይሆናል። ሰዓቷን ያልቆጠረች ሴት ለጨመረችው ድካም ስንት መጠየቅ እንዳለባት አታውቅም። ሰዓቷን የጻፈች ግን «በፊት 20 ቀን፣ አሁን 27 ቀን ፈጅቶብኛል» ብላ ትከራከራለች። ክርክሩ ሁልጊዜ ያሸንፋል ባንልም፣ ዋጋው ካልተስማማት ማጉን ይዛ ለመመለስ ልብ ይሰጣታል። ሌላም መንገድ አለ። ማጉን ሳትሸጥ ለሸማኔ ሰጥታ፣ የእጁን ዋጋ ከፍላ፣ ጋቢውን ራሷ ብትሸጥስ? የቱ እንደሚሻል በአፍ አይታወቅም። ሁለቱን ሒሳብ ጎን ለጎን ጽፎ ማየት ነው። ጠላ ጠማቂዋም እንዲሁ ናት፤ እህሉንና ጌሾውን ትቆጥራለች፣ እንጨቱን ግን ልጆቿ ስለለቀሙት በነጻ ታደርገዋለች። ልጆቹ ያን ቀን ትምህርት ቤት ቀርተው ከሆነ እንጨቱ ነጻ አይደለም።

አንዳንዷ ደግሞ ጥጡን አትገዛም። ነጋዴው ጥጥ ይሰጣታል፣ ፈትላ ትመልሳለች፣ የእጅዋን ትቀበላለች። ወይም በዱቤ ይሸጥላትና መልሶ ማጉን ይገዛታል። ይህን ብዙ ሰው ዝምድናና መተዋወቅ እንጂ ሕግ ያለው ነገር አይመስለውም። ሕግ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ስለ ቤት ሥራ ውል የሚናገር ክፍል አለው። ሰው ለአሠሪ ብሎ በቤቱ፣ አሠሪው ቆሞ ሳያዘው፣ ዘወትር በክፍያ ሲሠራ የቤት ሥራ ውል አለ ይላል። ዕቃውን ሸጦ የተሠራውን መልሶ መግዛትም እንደዚያው ይቆጠራል። አሠሪውም መዝገብ መያዝ አለበት፦ የሠራተኛውን ስምና አድራሻ፣ የሰጠውን ዕቃ ዓይነትና መጠን፣ የታዘዘውን ሥራ፣ የሚረከብበትን ጊዜ፣ የሚከፍለውን ገንዘብ።

መንደር ውስጥ እንዲህ ያለ መዝገብ የያዘ ነጋዴ ብዙ አላየንም። እሱ ባይጽፍ እናንተ ጻፉት። ደብተሩ ላይ አራት መስመር ቁልቁል አስምሩ። በመጀመሪያው ቀኑን፣ በሁለተኛው የተቀበላችሁትን ጥጥ፣ በሦስተኛው የመለሳችሁትን ማግ፣ በአራተኛው የተከፈላችሁን ብር። ነጋዴው በመጣ ቁጥር አንብቡለትና ከጎኑ ይፈርም። «እንተማመን የለ ወይ?» ቢላችሁ፣ አይክፋችሁ፣ እየሳቃችሁ እስክርቢቶውን አቀብሉት። ደብተሩ ሙዳይ ውስጥ ይቀመጥ፣ አይጥ እንዳያገኘው። ሚዛን የሌለበት ቤት ጥጡን ነጋዴው ፊት በአንድ በታወቀ ቅል ይስፈር፤ ቅሉም እስከ ርክክቡ ድረስ አይለወጥ።