ያለ መነጽር የሚታይ ጥልቀት፦ ከአሮጌ ላፕቶፕና ከስልክ የሚሠራ የስሪዲ ስክሪን



ንግግሬን ሁላችሁም ከምታውቁት ቦታ ልጀምር። በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን ወደ ተመሠረተው ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ በጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት ያያል። በቀኝ ቢቆም በግራ፣ ዓይናቸው ከእርሱ ላይ የሚነሣ አይመስለውም። ይህን በእምነቱ የሚተረጉመው ሰው ይተርጉመው፤ እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ጂኦሜትሪው ነው። ሥዕሉ ዝርግ ስለሆነ ከየትም ለሚያየው ሰው የሚያሳየው ገጽ አንድ ነው። ፊት ለፊት እንዲያይ ሆኖ የተሣለ ዓይን፣ ከጎን ስናየውም ፊት ለፊት ያያል። በሕይወት ያለ ሰው ግን እንዲህ አይደለም፤ ወደ ጎኑ ስንዞር ጆሮው ይገለጣል፣ ዓይኑም ይሸሸናል። ለስሪዲ ስክሪን ከዚህ የተሻለ ፍቺ አላገኘሁም፦ በውስጡ ያለው ፊት እኛን መከተሉን የሚያቆምበት ስክሪን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተማሪዎችን የምረቃ ፕሮጀክት ከሚገመግሙ ሦስት መምህራን አንዱ ነበርሁ። አንድ ተማሪ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ገባ። በስክሪኑ ላይ መስታወት፣ በመስታወቱም ላይ ጥቁር መስመሮች የታተሙበት ግልጽ ፕላስቲክ ተለጥፏል። የሚያሳየው የሰው ልብ ምስል ነበር። ሁለቱ ባልደረቦቼ ጎንበስ ብለው ተመለከቱና ተደነቁ፤ ልቡ ከስክሪኑ ወጥቶ የቆመ መሰላቸው። ተራው የእኔ ሆነ። ያየሁት መስመር የበዛበት ደብዛዛ ሥዕል ብቻ ነበር። ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁ፤ በአስተያየቱም ስፍራ «ውጤቱ አልታየም» ብዬ ጻፍሁ።

ለምን እንዳልታየኝ ግን ዐውቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር በግ ስጠብቅ የአጋም እሾህ ግራ ዓይኔን ወጋኝ። በዓይኔ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረ፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር አላይበትም። ብዙዎቻችሁ ይህን ዛሬ ነው የምትሰሙት። በዚያች ክፍል ውስጥ መናገር አፈርሁ፤ የእኔ ኀፍረትም በልጁ ውጤት ላይ ዐረፈ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ለሰብሳቢው ነገሩን አስረድቼ የእኔ ነጥብ እንዲሰረዝና ሌላ ገምጋሚ እንዲተካ አደረግሁ።

ልጁ የሠራው ምን ነበር? መርሁ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ሁለቱ ዓይኖቻችን ጥቂት የተለያየ ምስል እንደሚያዩና አእምሮም ከልዩነቱ ጥልቀትን እንደሚረዳ አሳየ። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ አይቭስ ደግሞ በ1903 ሁለቱን ምስሎች ለሁለቱ ዓይኖች የሚያከፋፍል የመስመር አጥር ፓተንት አገኘበት። በ2011 ለገበያ የቀረበው የኔንቲንዶ የእጅ መጫወቻም በዚሁ መርህ ይሠራል። በእንጨት አጥር ክፍተት ወደ ጎረቤት ግቢ ስትመለከቱ ቀኝ ዓይናችሁ ዶሮዋን ቢያይ፣ ግራ ዓይናችሁ የሚያየው ከዶሮዋ ፈንጠር ያለውን ነገር ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

ሒሳቡም የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሒሳብ ነው። 1366 በ768 ፒክስል ባለው በተለመደው የ15.6 ኢንች ላፕቶፕ የአንዱ ፒክስል ስፋት 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ ዓይኖቻችን መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተመልካቹ በ65 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ፣ 0.25ን በ650 አባዝተን ለ63 ስናካፍል 2.6 ሚሊ ሜትር እናገኛለን፤ አጥሩ ከፒክስሎቹ ሊርቅ የሚገባው ይህን ያህል ነው። ይህ በአየር ውስጥ ሲሆን ነው። መስታወት ብርሃንን ስለሚያጥፍ በ1.5 ስናባዛው 3.9 ይሆናል። ስክሪኑ ራሱ ከፒክስሎቹ በፊት ያለውን 1 ሚሊ ሜትር ያህል መስታወት ስንቀንስ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀራል። ይህ እንግዲህ በየመስታወት ቤቱ ተለክቶ የሚቆረጥ ተራ የመስኮት መስታወት ነው። ስሌቱን ሳየው ሣቅሁ።

ልጁን ያደከመው ሌላ ነገር ነበር። ሁለት ፒክስል 0.5 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ መስመሮቹን በየ0.5 ሚሊ ሜትሩ ማተም ይበቃል ብሎ ነበር። አይበቃም። አጥሩ ከፒክስሎቹ ይልቅ ለዓይን ስለሚቀርብ ትክክለኛው ልክ 0.498 ነው። ይህች ኢምንት ልዩነት ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። በስክሪኑ ወርድ ላይ ወደ 690 የሚጠጉ መስመሮች አሉ፤ ልዩነቱ ሲጠራቀም 1.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሦስት መስመር ያህል ይሆናል። ምስሉ መካከሉ ላይ አምሮ ዳርና ዳሩ ይበላሻል። በዚያ ላይ ሌዘር ፕሪንተር ፕላስቲኩን ስለሚያሞቀው ልኩ ይዛባል። ስለዚህ እያተመ፣ እየለካ፣ እንደገና እያተመ ደጋገመው። ያንን ሁሉ ድካም ነው እኔ በሁለት ቃል የሰረዝሁት።

የአጥሩ ዋጋ በብር ሲታይ ርካሽ ቢሆንም ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። ብርሃኑ ከግማሽ በላይ ይታገዳል፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የሚደርሰው የፒክስሎቹ ግማሽ ነው፤ ተመልካቹ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ካለ ደግሞ ምስሎቹ ይለዋወጡና ጉብታው ጎድጓዳ ይሆናል። ከሲዲ ማቀፊያ ተቆርጦ ስልክ ላይ የሚቀመጠውን ፒራሚድ «ሆሎግራም» የሚሉትንም በዚህ አጋጣሚ ላርም፤ ጆን ሄንሪ ፔፐር እ.ኤ.አ. በ1862 በለንደን ለመድረክ ያዋለው የነጸብራቅ ዘዴ ነው። ዝርግ ምስልን አየር ላይ ያንሳፍፋል እንጂ ጥልቀት አይሰጠውም።

ነጥቡ ከተስተካከለ በኋላ ልጁ ቢሮዬ መጣ። ይቀየመኛል ብዬ ነበር። እርሱ ግን፣ «ዶክተር፣ ታዲያ እርስዎ ርቀትን በምን ያውቃሉ?» ሲል ጠየቀኝ። «በእግሬ» አልሁት። ከደባርቅ አልፎ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው የስሜን ገደል አፋፍ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስትራመዱ ቅርቡ ቋጥኝ በሩቁ ተራራ ፊት ይንሸራተታል፤ ሩቁ ግን ከቦታው የተነቃነቀ አይመስልም። እዚያ ላይ ሁለት ዓይን ያለውም ሰው ከእኔ የሚበልጠው ጥቂት ነው፤ 63 ሚሊ ሜትር ለኪሎ ሜትሮች ምንም አይደለችምና።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛውን መሣሪያ አብረን ሠራን። ይህም ቢሆን ቀዳሚ አለው፤ ጆኒ ሊ የተባለ የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ከኔንቲንዶ ዊ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለውን ካሜራ ተጠቅሞ የተመልካቹን ራስ የሚከተል ምስል አሳይቷል። ያን ጊዜ ተመልካቹ ራሱ ላይ መብራት ማድረግ ነበረበት። ዛሬ የማንኛውም ስማርት ስልክ የፊት ካሜራና ኦፕንሲቪን የመሰለ ነጻ ሶፍትዌር ፊታችን የት እንዳለ ያገኛሉ፤ ፕሮግራሙም ስክሪኑ መስኮት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ቦታ ይታይ የነበረውን ይሥላል። የእኛው ስልክ ጀርባው የተሰነጠቀ ነበር። መጀመሪያ ላይ ምስሉ ከራሴ እንቅስቃሴ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁሉ ነገር እንደ ሊጥ ይለጠጥ ነበር። ፊት የሚፈለግበትን የካሜራ ምስል ስናሳንሰው ፈጠነ። ያን ዕለት፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ፣ የስክሪን ላይ ጥልቀትን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ጉድለቱን አልሸሽግም፤ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱን ዘዴዎች ማጣመርም ይቻላል። ነገር ግን ከየትኛው እንጀምር ለሚለኝ ተማሪ መልሴ ይህኛው ነው። ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተወለደ ነው፤ ክልላችንም ትራኮማ እጅግ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሁለት ጤናማ ዓይኖች ላይ ብቻ የተመሠረተ የማስተማሪያ መሣሪያ ሠርተን ስናበቃ፣ ከተማሪው ወይም ከታካሚው መካከል እንደ እኔ ዝም ብሎ የሚያፍር ይኖራል።

አሁን መብራቱ ይቀነስልኝ። ስልኩ ይኸው፤ በውስጡ የፋሲል ግንብ አምሳል አለ። ሁለት ዓይን ያላችሁ አንዱን በእጃችሁ ሸፍኑ፤ ሁለቱ ተባብረው ስክሪኑ ዝርግ መሆኑን ይመሰክሩባችኋልና። ራሳችሁን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራ ውሰዱ፤ ማማው ከኋላው ያለውን ዛፍ ሲገልጥ ታያላችሁ። ማን ይቅደም?