ቅጠሉ በረገፈ ጫካ

ለዋሽንግተን ዲሲ አዲስ የሆናችሁ፣ ብርዱ ቤት አያስቀምጣችሁ። እዚያው ከተማው ውስጥ ሮክ ክሪክ ፓርክ አለላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1890 የተከለለ ሰፊ ደን ነው።

ዛፎቹ ቅጠላቸውን የሚያራግፉት ውሃ ለመቆጠብ ነው። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ሥር እንደ ልቡ ውሃ አይስብም፤ ቅጠል ደግሞ ያለውን ያተናል። ለተመልካች ግን የቅጠሉ መርገፍ ትልቅ ዕድል ነው፤ ወፎቹ መደበቂያ ያጣሉ።

ካርዲናል የተባለውን ወፍ ፈልጉ። እንደ ብዙዎቹ ወደ ሞቃት አገር አይሰደድም። ደማቅ ቀዩ ወንዱ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ሆና ክንፏና ጭራዋ ቀላ ይላል። ሲበርዳቸው ላባቸውን ነፍተው ኳስ ይመስላሉ፤ በላባው መሃል የሚያዘው አየር ሙቀታቸውን ይጠብቅላቸዋል። እኔን ይህን እንደማየት የሚያስደስተኝ ነገር የለም!

በዲሴምበር ፀሐይ በአገሩ ሰዓት 5 ሳይሞላ ትጠልቃለችና ከምሳ በኋላ ውጡ። ቀልጦ መልሶ የረጋ በረዶ ክፉኛ ያንሸራትታል፤ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ።